«አንዱን ወፍ ሦስት ጊዜ ብቆጥረውስ?»

የደረሰኝ ጥያቄ ይኸውና፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ጥር ላይ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄድ የክረምት ወፍ ቆጠራ አለ ብላ ሳላስበው አስመዘገበችኝ። የእኔ የወፍ እውቀት ርግብን ከቁራ ከመለየት አያልፍም። ወፍ ደግሞ እንደ በግ በረት ውስጥ አይቆምም። አንዱን ወፍ ሦስት ጊዜ ብቆጥረውስ? ለመሆኑ ጥር ምን ክረምት አለው? መጨረሻ ላይስ ቁጥሩ ለማን ይጠቅማል?»

እህቴ፣ ጓደኛሽ ደግ አድርጋለች። ከቀላሉ ልጀምርና ወደ ዋናው ፍርሃትሽ እመጣለሁ።

ጥር ክረምት የለውም። ስሙ ነው ከሰሜን የመጣው። እዚያ ታህሳስና ጥር በረዶ ነው፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው። የእኛ ሰው ክረምት ሲባል ሐምሌን፣ ጭቃንና ጃንጥላን ነው የሚያስበው። ቅጹ ላይ «የበጋ ቆጠራ» ተብሎ ቢጻፍ እኔ በግሌ ደስ ይለኝ ነበር። ወሩ ግን እንዲሁ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ከሩሲያ፣ ከመካከለኛው እስያና ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ከነሐሴ መጨረሻና ከመስከረም ጀምሮ እየተንጠባጠቡ ይገባሉ። ጥር ላይ መንገዱ አልቋል። ያለፈው አልፎ ወደ ደቡብ ሄዷል፣ የቀረው እኛ ዘንድ ሰፍሯል። መጋቢት ላይ ደግሞ ጓዛቸውን መሸከፍ ይጀምራሉ። እንግዳ የሚቆጠረው ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ነው፤ በር ላይ ሲጋፋ አይደለም።

የሚመጡት ደግሞ ጥቂት እንዳይመስሉሽ። እ.ኤ.አ. በ1987፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ጂቡቲ የሚገቡ አዳኝ ወፎች ተቆጥረው ነበር። ወደ 246 ሺህ ተገኙ። ከ76 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስር የሚባሉት ናቸው። ጥር ላይ ከመስቀል አደባባይ ቀና ብለሽ ከጭልፊት የሚበልጥ፣ ክንፉ ሰፊ የሆነ ቡናማ ወፍ ሳይቸኩል ሲዞር ካየሽ፣ ከካዛክስታን ሜዳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የበጋው ቆጠራ አንድ ጉድለት አለበት፣ እሱንም ልንገርሽ። የመስቀል ወፍን ይሸውዳል። ብቅ ሳይል የከረመን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ነው የምትታየው» እንለዋለን አይደል? ሰው የመስቀል ወፍ ከሚላቸው ውስጥ ብዙዎቹ የትም አይሄዱም። ወንዱ ዝናቡ ሲመጣ ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ልብሱን ይለብሳል፣ ሴቶቹን ያባብላል፣ ከዚያ ያወልቀዋል። ጥር ላይ እሱም እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ተደባልቆ ጥሬ ይለቅማል። ስለዚህ ቆጠራው ላይ «የመስቀል ወፍ የለም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አጠገቡ አምስት ቆመውበታል። እሱን መቁጠር የሚፈልግ መስከረም ላይ ሌላ ቆጠራ ያድርግ፤ ጥር ግን ለእንግዶቹ ይሁን።

የዚህ ሥራ መነሻ አሜሪካ ነው። ድሮ እዚያ በገና ሰሞን ሰዎች ሁለት ጎራ ለይተው ጠመንጃ ይዘው ይወጡ ነበር። ማታ ብዙ ገድሎ የተመለሰው ጎራ ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ አጥኚ በዚህ ፋንታ እንቁጠር የሚል ሐሳብ አመጣ። በዚያ ገና 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ቆጠሩ። ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል፣ በእኛ አቆጣጠር ከታህሳስ 5 እስከ 27 ባለው ጊዜ። እያንዳንዱ ቡድን ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ይይዛል፣ ክቡም ከዓመት ዓመት አይነቃነቅም። መስቀል አደባባይን መሃል አድርገሽ እንዲህ ያለ ክብ ብትስይ እንጦጦን ጠቅልሎ ይይዛል። 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የቦሌ ሜዳ እስከ 3,000 ሜትር በላይ ያለው የእንጦጦ ጽድ ድረስ ማለት ነው። በአንድ ክብ ውስጥ እንዲህ ያለ ከፍታና ዝቅታ ያለው ትልቅ ከተማ ብዙ አይገኝም። የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በጥር ነው የሚካሄደው። እኛም ጥር ላይ ስንወጣ ቁጥራችን ከሌላው ዓለም ጋር ይነጻጸራል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። አንዱን ወፍ ሦስት ጊዜ መቁጠር ይቻላል ወይ? እንዴታ! እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ስድስት ኪሎ ሣሩ ላይ ምንቃራቸውን መሬት ውስጥ እየሰኩ ትል የሚያወጡ 11 ጋጋኖዎች አየሁና ጻፍኩ። ጃን ሜዳ ስደርስ 11 ጋጋኖ። ደስ አለኝ፣ ጻፍኩ። ወደ ቀበና ወንዝ ስወርድ ከአናቴ በላይ ሃ ሃ ሃ እያሉ ሲያልፉ ቆጠርኩ፣ 11። ማታ ቅጹን ለአስተባባሪያችን አስረከብኩ። እሷ አየችውና፣ «11፣ 11፣ 11! እነዚህ ጋጋኖዎች ወታደር ናቸው እንዴ?» አለችኝ። 33ቱን ሰርዛ 11 ጻፈች። ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ሳቁብኝ።

መፍትሔው ከምታስቢው ይቀላል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይን ካየሽው ውስጥ ትልቁን ቁጥር ነው የምትወስጂው። ሣር ዳር ቆመሻል እንበል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ምንቃር ያላቸው አራት ወፎች ሲዘሉ አየሽ። ቆየት ብሎ ሰባት ሆኑ። ኋላ ሦስት ቀሩ። የምትጽፊው 7 ነው። 14 አይደለም። «ከሰባት በላይ ቢኖሩስ?» ትይኝ ይሆናል። ይኑሩ። ሰባቱን ግን ማንም አይወስድብንም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በየቤታቸው ጓሮ ሲቆጥሩ የሚሠሩት በዚህችው ደንብ ነው። ሕፃናትም ይሠሩባታል።

እየተራመድሽ ስትቆጥሪ ደግሞ ከፊትሽና ከጎንሽ ያለውን ብቻ ነው። ከኋላሽ ተነስቶ ቀድሞሽ ሄዶ የተቀመጠ ወፍ ቀድሞ ተቆጥሯል። ወደ ኋላ አትመለሺ፤ «ያችን ዛፍ ረሳኋት» ብለሽም አትጎተቺ። በአየር የሚያልፍ መንጋ ሲገጥምሽ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የሄደበትን አቅጣጫ ጻፊ። «ጋጋኖ 9፣ 1 ሰዓት ከ20፣ ወደ ፍልውሃ» በቂ ነው። ፍልውሃ በኩል ያለው ቡድን 1 ሰዓት ከ25 ላይ 9 ጋጋኖ ከሰሜን መጣ ብሎ ከጻፈ አስተባባሪው ማታ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አንዱን ይሰርዛል። ያ የእሱ ሥራ ነው፤ አንቺ ሰዓቱን አትዝለዪ እንጂ።

ብዙ ሰው ስህተቱ ሁለቴ መቁጠር ይመስለዋል። በተግባር የሚበዛው ግን አሳንሶ መገመት ነው። አንድ መቶ ርግብ ጣሪያ ላይ ሰፍራ ካየሽ «አርባ ትሆናለች» የሚል ነገር ነው አፍሽ ላይ የሚመጣው። ለዚህ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ማታ ሰፌድ ላይ አንድ ጭብጥ ሽምብራ በተኚ። ለሦስት ሰከንድ ብቻ አየት አድርገሽ በነጠላ ሸፍኚው፣ ግምትሽን ጻፊ፣ ከዚያ አንድ ባንድ ቁጠሪ። በመጀመሪያው ቀን ታፍሪያለሽ። በሦስተኛው ቀን ዓይንሽ ዘዴውን ያገኘዋል፦ አስር ቆጥረሽ አስር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ታያለሽ፣ ያንን ቁራጭ በመንጋው ላይ እየደረብሽ «አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ» ትያለሽ። ትልቁ መንጋ ሲመጣ በአምሳ ታደርጊዋለሽ። እኔ አሁንም በየዓመቱ ታህሳስ መጨረሻ ላይ ሰፌዱን አወጣለሁ። ቤተሰቤ ለምዶታል።

አሁን ዋናውን ነገር ልበልሽ። እኛ የአዲስ አበባን ወፍ ሁሉ አንቆጥርም። ማንም አይችልም። የምንቆጥረው በዚህች መንገድ፣ በዚህች ሰዓት፣ በሁለት ሰው ዓይን የታየውን ነው። የእህል በረንዳ ነጋዴን አስቢ። የሚሰፍርበት ጣሳ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ይሆናል። ግን አምናም ዘንድሮም በዚያው ጣሳ ከሰፈረ እህሉ መጨመሩንና መቀነሱን በደንብ ታውቂያለሽ። ጣሳ ቀየረ ማለት ግን አለቀ፤ ያለፈውም የዘንድሮውም ከንቱ ነው። የአንቺ መንገድና ሰዓት ጣሳሽ ናቸው። አምና ከአራት ኪሎ ተነስቶ በግንፍሌ በኩል የሄደ ቡድን ዘንድሮ «እዚያ ወፍ የለም፣ እንጦጦ ይሻላል» ብሎ ከሄደ ደስ የሚል ጠዋት ያሳልፋል፣ ቆጠራውን ግን ገድሎታል።

ይህ ነገር ሰው ሲበዛም ይመጣል። ቁጥር ፈጥሬ ላሳይሽ። አምና ስድስት ቡድን ሁለት ሁለት ሰዓት ሠርቶ 240 ጭልፊት ቆጠረ እንበል። በአንድ ሰዓት 20 ማለት ነው። ዘንድሮ አስር ቡድን ያንኑ ያህል ሰዓት ሠርቶ 300 ቆጠረ። አዳራሹ ያጨበጭባል። በሰዓት ስታካፍዪው ግን 15 ነው፤ ጭልፊቱ ቀንሷል። የጀመርሽበትንና የጨረስሽበትን ሰዓት፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ምን ያህል እንደተጓዛችሁ ጻፊ የምልሽ ለዚህ ነው። ኢበርድ የሚባለው ነጻ የስልክ መመዝገቢያም እነዚህኑ ነው የሚጠይቀው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ ያየሽውንና ለይተሽ ያወቅሽውን በሙሉ መዝግበሻል ወይ? «አዎ» ማለት የምትችዪው ርግብና ቁራውንም ሳትንቂ ከጻፍሽ ብቻ ነው። ብርቅ ብርቁን ብቻ መርጦ የጻፈ ሰው ዝርዝር ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ከተጻፈ ሙሉ ዝርዝር ላይ የጎደለው ነገር ራሱ መረጃ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄደሽ አንድም ጥንብ አንሳ ካላየሽ ዜሮ ብለሽ ጻፊ። ባዶ ቦታ መተው ሌላ፣ ዜሮ ሌላ። ባዶው «አላየሁም ወይም ረሳሁ» ነው፤ ዜሮው «ፈልጌ አጣሁ» ነው።

እውቀት የለኝም ላልሽው፣ መሃል ከተማ ላይ የሚጠብቁሽ ወፎች ከምታስቢው ያነሱ ናቸው። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አላት፤ አንቺ ያን ሁሉ ማወቅ የለብሽም። ሃያዋን ካወቅሽ ጠዋትሽ ይሞላል። እንዲያውም ከርግቧ ጀምሪ። «ርግብ» የምትያት ሦስት ናት። አንዷ ሰው ያረባት ናት፤ ነጭም፣ ግራጫም፣ ዝንጉርጉርም ትሆናለች። ሁለተኛዋ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ አለባት፣ ክንፏ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ሦስተኛዋ ጠቆር ያለች ግራጫ ናት፣ ማጅራቷ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የምትመስል ነጭ መስመር አለች። ይቺ ሦስተኛዋ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዓለም ላይ የለችም። ሰዎች እሷን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ፤ እኛ ታክሲ ስንጠብቅ ከአናታችን በላይ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ጋጋኖም እንደዚሁ የእኛና የኤርትራ ብቻ ነው።

ቁራም ሁለት ነው። ደረቱና ማጅራቱ ነጭ ሆኖ ሸሚዝ የለበሰ የሚመስለው ብዙ አገር አለ። ሌላው ግዙፉ ነው፤ ሰውነቱ ጥቁር፣ ከራሱ ኋላ ነጭ ምልክት፣ ምንቃሩ ወፍራምና ቆልመም ያለ፣ መጥረቢያ የያዘ ነው የሚመስለው። ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ ባለቤት ይንጎራደዳል። እሱም የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ወፍ ነው። ጭልፊቱን ደግሞ ምንቃሩን እዪው። ቢጫ ከሆነ የአገር ነው። ጥቁር ከሆነ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ገና ያላደገው የአገሩም ምንቃሩ ጥቁር ነውና። ከሩቅ የማይታይ ከሆነ «ጭልፊት» ብለሽ ብቻ ጻፊ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሸነፋል። እርግጠኛ ያልሆነውን እርግጠኛ አስመስሎ ይጽፋል። «ያልታወቀ፣ ርግብ የሚያህል፣ ጭራው ረጅም» የሚል መስመር ከተሳሳተ ስም መቶ ጊዜ ይሻላል። መለኪያሽ ሦስት ይሁኑ፦ ድንቢጥ የሚያህል፣ ርግብ የሚያህል፣ ዶሮ የሚያህል። መርሊን የሚባለው አፕ ፎቶ ካነሳሽ ያግዝሻል፤ ግን ምክር ይሰጥሻል እንጂ አይፈርድልሽም። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ወፍ መጥራት ግን በቆጠራ ቀን ነውር ነው። ወፏን ከሥራዋ ያስፈታል፣ ቁጥሩንም ያበላሻል።

ውሃ ዳር ስትደርሺ አንዲት ቀጭን፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የምታደርግ ወፍ ትፈልጊያለሽ። ጃን ሜዳ ላይ በበጎቹ እግር መሃል ትሮጣለች፤ ኮቴው የሚያስነሳውን ነፍሳት ትለቅማለች። ግንቦት ላይ አውሮፓ ወይም ሩሲያ ውስጥ እንቁላል ላይ ትሆናለች። ቁጥቋጦ ውስጥ እንደ አይጥ እየተሽሎከለኩ ረጅም ጭራቸውን የሚጎትቱት ደግሞ የእኛው ናቸው፣ በቡድን ነው የሚሄዱት፣ አንዷን ካየሽ አምስት አሉ። ጃን ሜዳን ካነሳሁ አይቀር፣ አስተባባሪዎቹ ቀኑን ጥር 10 ወይም 11 ላይ እንዳያደርጉት አስታውሺያቸው። በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ የሚቆጠረው ሰው እንጂ ወፍ አይደለም።

ከዛፍ አንጻር ካየነው መሃል ከተማ ውስጥ ወፍ የሚበዛው የድሮ ዛፍ የቀረበት ነው። የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የኤምባሲዎቹ ሰፋፊ ግቢዎች። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ያለበት ቦታ አሥር ደቂቃ ብትቆሚ፣ ባህር ዛፍ ብቻ ካለበት ሰዓት ሙሉ ከሄድሽው የበለጠ ዓይነት ታያለሽ። ወንዞቹም አሉ፣ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ። ሽታቸው አይጋብዝም። ወፉ ግን አይጠየፍም።

ቁጥሩ ለማን ይጠቅማል? ረጅሙን መልስ በጥንብ አንሳ ልንገርሽ። ህንድ ውስጥ ጥንብ አንሳ እንደ እኛ ቁራ የሚታይ ወፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት መርገፍ ጀመረ፤ ከዋናዎቹ ዝርያዎች ከመቶው ከ95 በላይ አለቀ። በኋላ ምክንያቱ ተገኘ። ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ይህ ሁሉ «ድሮ ብዙ ነበሩ» በሚል ወሬ አይደለም የታወቀው። አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ቆጥሮ ጽፎ ነበር፤ ያው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ሲቆጥር አጣቸው። የድሮው ወረቀት ባይኖር ክርክሩ እስከ ዛሬ ባላለቀ ነበር። የእንግሊዞቹ የጓሮ ቆጠራም ድንቢጣቸው ከግማሽ በላይ መቀነሷን ያሳየው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ በተራ ሰው፣ በየዓመቱ አንዲት ሰዓት።

እኛ ጋ ቄራ አካባቢና ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ የምታዪው ትንሹ፣ ፊቱ የተላጠ የሚመስለው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። ሌላ አገር መርዝ ይበላል፣ ለባህል መድኃኒት ይሸጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛሬም ከፍ ብሎ ይዞራል። እሱን የምትቆጥሪበት ሰዓት ትንሽ ይለያል። ትንንሾቹ ወፎች ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው የሚንጫጩት። ትልልቆቹ ግን መሬቱ ሞቆ አየር ወደ ላይ እስኪነሳ ድረስ ዛፍ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ቀና በዪ። ከሁለተኛው ሻይ በፊት ማለት ነው።

ከተማዋም ራሷ ምክንያት ናት። ካዛንቺስን፣ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን ከአምስት ዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው ዛሬ መንገድ ይጠፋዋል። የቆዩ ሰፈሮች ከነጓሯቸው ፈርሰዋል፣ አዲስ ሣርና አዲስ ዛፍ ተተክሏል፣ ወንዝ ዳር ተነጥፏል፣ ወዳጅነት ፓርክ ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ይህ ለወፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። እኔ ግምት አለኝ። የድሮ ጓሮ ቁጥቋጦ የሚወዱት ተጎድተዋል፤ ክፍት ሣርና ውሃ የሚወዱት እነ ጋጋኖ ተጠቅመዋል። ግምት ግን ግምት ነው። የሚፈርደው በየዓመቱ በዚያው ጣሳ የተሰፈረ ቁጥር ነው። የአንቺ አንድ ጠዋት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ አሥረኛው ጥር ላይ ነው መናገር የሚጀምረው። ይህን ቀድሜ የምነግርሽ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ውጤቱን ጠብቆ ስለሚያኮርፍ ነው።

ቆጠራው አንድ ቀን ነው፤ አንቺ ግን ከዚያ በፊት መለማመድ ከፈለግሽ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ አንጋፋ ነው፣ ወፍ የሚያውቁ ሰዎች እዚያ አሉ። በቆጠራው ዕለት ደግሞ ጸሐፊ ልሁን በያቸው። አንዱ ሲያይ አንዱ ይጽፋል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ስም ይነግሩሻል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አምስት ወፍ ታውቂያለሽ። እርሳስ ያዢ። ቢክ ጤዛ በነካው ወረቀት ላይ እምቢ ይላል። ጥር ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ጃኬቱም ኮፍያውም ያስፈልጋል። ቆሎ አትርሺ።

አንድ ነገር በጣም አጥብቄ ልንገርሽ። መሃል አዲስ አበባ ላይ ባይኖኩላር ይዞ መቆም ሥጋት ይፈጥራል። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ የጦር ግቢ በየአቅጣጫው ነው። የአስተባባሪዎቹን ደብዳቤና መታወቂያሽን ያዢ፣ ብቻሽን አትሂጂ፣ ወፉ የተከለከለ ግቢ አጥር ላይ ቢያርፍ እንኳ መነጽሩን ወደዚያ አታዙሪ። ያቺ ወፍ ትቅር። ቁጥር ላይ አንድ ቢጎድል ማንም አይሞትም።

እኔ አንድ ጊዜ ተይዣለሁ። የአንድ ግቢ ጥበቃ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸውን ተከናንበው። «ምንድን ነው የምታየው አንተ?» አሉኝ። ወፍ ነው የምቆጥረው አባባ አልኳቸው። ደብዳቤውን ገለበጡት፣ መታወቂያዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ወፍ የሚቆጥር ጎልማሳ አይተው አያውቁም። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ከቆጠርክስ እሷንም ቁጠራት» ብለው ወደ ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። አንድ ያረጀ ጽድ ሥር አቆሙኝና በዱላቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። ግንዱን ተደግፋ፣ ቅርፊቱን መስላ፣ ዓይኗን የጨፈነች ጉጉት። ሰባት ዓመት እዚያች ቅርንጫፍ ላይ እንደምትተኛ ነገሩኝ። ሰው ጉጉት ሲያይ እንደሚያማትብ፣ እሳቸው ግን ሌሊት ብቻቸውን ስለሆኑ እንደሚወዷት ነገሩኝ። አንድ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ አየችንና መልሳ ጨፈነች።

ሰዓቴን አየሁ። 3 ሰዓት ከ10 ነው። የእኛ መንገድ ቆጠራ የሚዘጋው 3 ሰዓት ላይ ነበር፣ ግቢውም ከመንገዳችን ውጭ ነው። በዚያ ዓመት ቅጽ ላይ ከጉጉት ፊት ለፊት ዜሮ ነው የተጻፈው።